የሚሰጥ ቢሮ፣ የሚወስድ ቢሮ፣ የሚያስር ቢሮ

በወንበርማ ወረዳ የሚኖር አንድ ገበሬ ስሙ ስንት ቦታ ተጽፏል? ከሽንዲ ከተማ እንጀምር። የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ የማሳውን ስፋትና አዋሳኞቹን፣ የእሱንና የባለቤቱን ፎቶግራፍ ይዟል። ገቢዎች ጽሕፈት ቤት የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር የከፈለበት ደረሰኝ ቀሪ አለው። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ዘንድሮ ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንደወሰደ ያውቃል። የጤና መድን ክፍሉ የቤተሰቡን ዝርዝር ከነዕድሜው ጽፏል። ጤና ኬላው ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ለየአባወራው የምታስቀምጠው የቤተሰብ ማኅደር አለ፤ መጸዳጃ ቤት ቆፍሯል ወይ ከሚለው ጀምሮ ባለቤቱ እስከምትወስደው የወሊድ መቆጣጠሪያ ድረስ በውስጡ ሰፍሯል። ልደት፣ ጋብቻና ሞት በቀበሌው የክብር መዝገብ ይጻፋሉ። ብድር ከወሰደ ደግሞ ባንኩ የራሱን ፋይል ከፍቶለታል።

እስካሁን እነዚህን መዝገቦች የለያያቸው የወረቀቱ ብዛት ነው። የመሬት መዝገቡን ከጤና መዝገቡ ጋር ለማመሳከር አንድ ሠራተኛ ሳምንታት ተቀምጦ ስም ከስም ማገናኘት ይኖርበታል፤ ያውም የክርስትና ስምና የዓለም ስም እየተምታታ፣ የአያት ስም አንዱ ጋ ተጽፎ ሌላው ጋ ተዘሎ። ባለ 12 አኃዝ የፋይዳ (የብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ) ቁጥር በእያንዳንዱ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ግን ሥራው የደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ከወዲሁ መልስ ይፈልጋል፦ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለአንድ ጉዳይ የተቀበለውን የሰው መረጃ ለሌላ መሥሪያ ቤት አሳልፎ መስጠት ያለበት መቼ ነው?

የዚህ ጸሐፊ መልስ የሚነሣው ከተቀባዩ ነው። መረጃውን የሚረከበው ቢሮ በሰውየው ላይ ምን ማድረግ ይችላል? ሊሰጠው ከሆነ በሩ ቀለል ብሎ ይከፈት። ሊወስድበት ከሆነ ሕግ፣ ማስታወቂያና የአቤቱታ ጊዜ ይቅደሙ። ሊያስረው ከሆነ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይመጣ አይከፈት። ይህን የምለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር መረጃ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ምን እንደሚያስከትል አይቶ ስለሚያውቅ ነው።

አለመጋራትም ሰው ይጎዳል

በቅድሚያ ሌላውን ወገን በቅጡ እንስማ። ቢሮዎች መረጃ ባለመጋራታቸው የሚጎዳ ሰው አለ፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ አቅመ ደካማው ነው።

ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት እንውሰድ። ባሏ ያረፈው ጤና ጣቢያ ከሆነ ጤና ጣቢያው ሞቱን ያውቃል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 እና በ2009 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያው ጤና ተቋማት ልደትንና ሞትን ለቀበሌ መዝጋቢው እንዲያሳውቁ ስለሚያዙ፣ በአግባቡ ከተሠራ ቀበሌውም ያውቃል። በመሬት መዝገቡ ላይ ግን ሟቹ ገና በሕይወት አለ። ባልቴቲቱ የሞት የምስክር ወረቀት ለማውጣት ወደ ቀበሌ፣ ወራሽነት ለማረጋገጥ ወደ ፍርድ ቤት፣ የመሬት ይዞታ ደብተሩን ለማዛወር ወደ ሽንዲ ትመላለሳለች። እሷ በዚህ ደጅ ጥናት ላይ እያለች የሟች ዘመድ ማሳውን በሟቹ ስም ለሌላ ቢያከራየው ሊያስቆመው የሚችል መዝገብ የለም። አንዱ የመንግሥት ቢሮ አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር ለሌላው የመንግሥት ቢሮ ለማስረዳት ሴትዮዋ በእግሯ ወረቀት ታመላልሳለች።

ወረርሽኝም እንዲሁ ነው። በአንድ ጎጥ ኩፍኝ ወይም ኮሌራ ሲታይ ጤና ኬላው ለወረዳው፣ ወረዳው ፍኖተ ሰላም ላለው የዞን ጤና መምሪያ ካላሳወቀ የሚሞተው የጎረቤት ልጅ ነው። እዚህ ላይ «የግል ምሥጢር ነው» ብሎ ዝም ማለት ጥፋት ነው።

እንግዲህ መረጃ ሁሉ ባለበት ይቆለፍ የሚል አቋም በገጠር አያስኬድም። መፈለግ ያለበት የመለያ መስመር ነው።

ጎረቤት ሲያውቅና ቢሮ ሲያውቅ

የግል መረጃ ጥበቃ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ምሥጢር ነው። በገጠራችን ግን ምሥጢር የሚባለው ነገር ጥቂት ነው። የአንድ ሰው በሬ ስንት እንደሆነ፣ በርበሬው ዘንድሮ እንዴት እንደያዘለት፣ ከማን እህል እንደተበደረ ጎረቤቱ ያውቃል፤ ዕድርተኛው ያውቃል፤ የማኅበር ጠጪው ያውቃል።

እንዲያውም አንዳንዱ መረጃ በአደባባይ መነገሩ ለፍትሕ ይበጃል። በሁለተኛው ደረጃ የመሬት ልኬታ የእያንዳንዱ ማሳ ድንበር ባለይዞታውና አዋሳኞቹ በተገኙበት ከአየር በተነሣ ምስል ላይ ይሰመርና ውጤቱ ለሕዝብ ዕይታ ይወጣል። ስሙ የተሳሳተ፣ ድንበሩ የተገፋ ካለ በዚያ ጊዜ አቤት ይላል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ላይም መዋጮውን መክፈል የማይችሉ ድሆች የሚለዩት በቀበሌው ሕዝብ ፊት ሲሆን፣ ሊቀመንበሩ ዘመዱን እንዳይሰገስግ ጉባኤው ዓይን ይሆናል። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር በአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ በያኔው ምዕራብ ጎጃም ዞን የነበረው ደቡብ አቸፈር ነው፤ ሌሎቹ ፎገራና ተሁለደሬ ናቸው። አካባቢው እንግዲህ በጉዳዩ የቆየ ልምድ አለው።

ታዲያ ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው ነገር ወደ ሌላ ቢሮ ቢሄድ ምን ክፉ አለው? ልዩነቱ ያለው በሥልጣኑ ላይ ነው። ጎረቤት አራት በሬ እንዳለህ ቢያውቅ ይቀናብህ ይሆናል እንጂ ግብር አይጥልብህም። ልጅህ 18 ዓመት እንደሞላው ቢያውቅ አይመለምለውም። ወንድምህ ቆስሎ እንደታከመ ቢሰማ ሊጠይቀው ይመጣል እንጂ አያስረውም። ያው መረጃ ሥልጣን ካለው ቢሮ እጅ ሲገባ ሌላ ነገር ይሆናል። ጎጃም ይህን የተማረው ከመጽሐፍ አይደለም።

ሦስት የዝርዝር ታሪኮች

በ1960 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 255 የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ጣለ። ግብሩ በወረቀት ሲታይ ከቀድሞው የተሻለ ነበር፤ ሁሉም በምርቱ ልክ ይክፈል የሚል ነው። ይህን ለማድረግ ግን ገማች እየዞረ የእያንዳንዱን ገበሬ ምርት ማወቅ ነበረበት። ርስተኛው የጎጃም ገበሬ ግምቱ ነገ ልኬታ ይሆናል፣ ልኬታው ከነገ ወዲያ ርስት ያስነጥቃል ብሎ ፈራ። ሞጣን፣ ቢቸናንና ዳሞትን ጨምሮ ብዙ አውራጃ አመጸ። ጦር ተላከ፤ ሰው አለቀ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፤ ግብሩም በጎጃም ሳይተገበር ቀረ። ገበሬው በግብሩ መጠን ላይ ቅሬታ ነበረው፤ ከመጠኑ በላይ ያስፈራው ግን የሚሰጠው መረጃ ቀጥሎ የት እንደሚሄድ አለማወቁ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የደርግ ነው። የገበሬ ማኅበራት በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲቋቋሙ ዓላማቸው መሬት ማከፋፈል ነበር፤ የአባላቱ ዝርዝርም የተያዘው ለዚሁ ነው። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ ኮታውን የማሟላቱ ሥራ እነዚያው ማኅበራት ላይ ወደቀ። በየትኛው ቤት ስንት ጎረምሳ እንዳለ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ለመሬት የታመነው ቢሮ ለወታደር መልማይ ሆነ፤ እናቶችም ልጆቻቸውን በሌሊት ወደ ቆላ ያሸሹ ጀመር።

ሦስተኛው በ1989 ዓ.ም. የሆነው ነው። የአማራ ክልል መሬት እንደገና ይደልደል የሚል አዋጅ አወጣ፤ ድልድሉም በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ጭምር ተፈጸመ። በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር አመራር ያገለገሉ ሰዎች «ቢሮክራሲ» ተብለው ተለዩ፤ ከ4 ጥማድ፣ ማለትም ከአንድ ሄክታር ገደማ በላይ እንዳይዙም ተደረገ። ሌላው ገበሬ እስከ 3 ሄክታር መያዝ ይችል ነበር። ከተመደቡት መካከል በቀድሞው ሥልጣኑ ሕዝብ የበደለ ይኖራል፤ ጎረቤቶቹ መርጠውት በዝቅተኛ ኃላፊነት ከመቀመጥ ሌላ ጥፋት የሌለበትም ይኖራል። ሁለቱን ለመለየት የተዘረጋ የፍርድ ሥርዓት ስላልነበረ መሬት ለመቁረጥ የስም ዝርዝሩ ብቻውን በቂ ሆነ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ሰልፍ የወጡ ገበሬዎች ነበሩ።

ሦስቱም የተፈጸሙት በተለያየ ሥርዓት፣ በተለያየ ርዕዮተ ዓለም ነው። የጋራቸው ነገር አንድ ነው፦ ለአንድ ጉዳይ የታወቀ ነገር ወይም ለአንድ ጉዳይ የተቋቋመ አካል ለመውሰድና ለማስገደድ ዋለ፣ አለዚያም ይውላል ተብሎ ተፈራ። ከዚህ የተነሣ በጎጃም ገጠር ለማያውቀው ሰው የከብቱን ቁጥር እውነቱን የሚናገር ገበሬ ማግኘት ከባድ ነው። ማሳውን ያሳንሳል፣ ልጁን ከዝርዝር ያስቀራል፣ ምርቱን «እግዜር ያውቃል» ብሎ ያልፋል።

መንግሥትም ዋጋውን ይከፍላል። አሳንሶ የተነገረ ማሳ የማዳበሪያ ፍላጎትን ያሳንሳል። ያልተመዘገበ ልጅ ክትባት አይታቀድለትም። መረጃን ከታመነበት ጉዳይ አውጥቶ ለሌላ ማዋል ለአንድ ወቅት ይጠቅም ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን መዝገቡ ራሱ ውሸት ይሞላበታል።

ሕጉ የቱ ጋ ደርሷል?

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል። የመንግሥት ባለሥልጣናት ይህን መብት የማክበርና የማስከበር ግዴታ እንዳለባቸው፣ ገደብ የሚደረገውም አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና በተለይ በወጣ ሕግ እንደሆነ፣ ዓላማውም የብሔራዊ ደኅንነት፣ የሕዝብ ሰላም፣ ወንጀል መከላከል፣ ጤና፣ የሕዝብ ሞራልና የሌሎች መብት ጥበቃ እንደሆነ በግልጽ ተቀምጧል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምሥጢር የሚያወጣ ሐኪምን፣ ነርስን፣ አዋላጅን ይቀጣል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ለፋይዳ የሚሰበሰበውን መረጃ ወስኗል፤ ብሔርና ሃይማኖት ከዚያ ውስጥ የሉም፤ ይህም በብዙ ቦታ ብሔር ይጻፍበት ከነበረው የቀበሌ መታወቂያ አንጻር ትልቅ እርምጃ ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጸደቀ። መረጃ ለተወሰነ ዓላማ ብቻ ይሰብሰብ፣ ከሚያስፈልገው በላይ አይያዝ፣ ጊዜው ሲያልፍ አይከማች የሚሉት መርሆዎች በዚህ አዋጅ የአገሪቱ ሕግ ሆኑ። የመቆጣጠሩ ኃላፊነት ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጠ።

ችግሩ በአዲስ አበባ ባለው አዋጅና በወረዳ ባለው አሠራር መካከል ያለው ርቀት ነው። በወረዳ ደረጃ መረጃ የሚጠየቀው በአንቀጽ ተጠቅሶ አይደለም። ስልክ ይደወላል፤ «ዝርዝሩን ላክልኝ» ይባላል፤ የመዝገቡ ገጽ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ይሄዳል። ጠያቂው የሥራ ባልደረባ ነው፤ ምናልባትም አለቃ ነው። የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በዚያች ደቂቃ «በየትኛው ሕግ?» ብላ እንድትጠይቅ መጠበቅ ከእሷ አቅም በላይ መጠየቅ ነው። በእጇ የምትይዘው፣ ለሁሉም አንድ የሆነ፣ ቀላል መመዘኛ ያስፈልጋታል።

መመዘኛው በሥራ ላይ

ተቀባዩ ሊሰጥ ሲሆን። የባልቴቲቱን ጉዳይ መልሰን እንየው። የሞት መዝገቡ ለመሬት አስተዳደር «ይህ ባለይዞታ አርፏል» የሚል አንዲት ማስታወቂያ ቢልክ መብቷ ይጠበቃል፤ በሟች ስም የሚደረግ ውልም ይቆማል። መጋራቱ ተገቢ ብቻ ሳይሆን ግዴታ ሊሆን ይገባል። እዚህም ግን መጠን አለ። የመሬት ቢሮው ሊያውቅ የሚገባው መሞቱን ነው፤ በምን እንደሞተ አይመለከተውም። ሰውየው በሳንባ ነቀርሳም ይሙት በኤች አይ ቪ፣ ማሳው ያው ማሳ ነው። ብድር ሲሆንም እንዲሁ። የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝ ፈቅዷል። አበዳሪው ይዞታው የተበዳሪው መሆኑንና ሌላ ዕዳ እንደሌለበት ማረጋገጥ ይችላል፤ የሚያረጋግጠው ግን ገበሬው ራሱ ብድር በጠየቀ ጊዜ ነው። ለአበዳሪው የመላው ቀበሌ መዝገብ አይሰጠውም።

ተቀባዩ ሊወስድ ሲሆን። ሁለተኛው ደረጃ ልኬታ በአረንጓዴው የይዞታ ደብተር 6 ጥማድ ተብሎ የተጻፈውን ማሳ 7 ሆኖ ቢያገኘው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ክፍያውን በዚያ ልክ ማስተካከል ይገባዋል? ግብር ሕጋዊ ነገር ነው፤ መንገዱም ትምህርት ቤቱም ያለሱ አይቆምም። ነገር ግን ገበሬው ካህኑንም ሽማግሌውንም ምስክር ጠርቶ ድንበሩን ያሳየው «ይዞታህ ይረጋገጥልሃል» ተብሎ ነው። ስለዚህ መሻገሩ የሚጸድቀው በሕግ ሲፈቀድ፣ ገበሬው አስቀድሞ ሲነገረው፣ ልኬታው ስህተት ነው ብሎ የሚከራከርበት ጊዜ ሲሰጠው፣ ጭማሪውም ለወደፊቱ እንጂ ወደኋላ ተቆጥሮ የማይጠየቅ ሲሆን ነው።

የሚሰጥ ቢሮም የሚወስድበት ጊዜ አለ፤ ጥንቃቄ የሚያሻው ይህ ነው። የጤና መድን ክፍሉ «ድሃ» ተብለው መንግሥት የሚከፍልላቸውን ሰዎች ለማጣራት የመሬት መዝገቡን ቢጠይቅ ሐሳቡ መልካም ይመስላል። አሁን አንዲት አሮጊት እንመልከት። 4 ጥማድ መሬት በስሟ አላት። በሬ የላትም፣ ጉልበት የላትም፣ ልጆቿ ከተማ ናቸው። መሬቷን ለሌላ የእኩል ሰጥታ ከምርቱ ግማሹን ታገኛለች፤ ዝናቡ ካልሰመረ የዚያኑ ግማሽ። መዝገቡ ባለመሬት ይላታል፤ ኑሮዋ የድሃ ድሃ ነው። ጎረቤቶቿ ይህን ስለሚያውቁ ነው በጉባኤው የመረጧት። መዝገቡ አልዋሸም፤ ከመዝገቡ የተወሰደው ድምዳሜ ግን ስህተት ነው። ከዝርዝሩ ከመሰረዟ በፊት ተጠርታ «ለምን?» ልትባል፣ ጉባኤውም ዳግም ሊሰማት ይገባል።

አውስትራሊያ ይህን በብዙ ዋጋ ተምራለች። መንግሥቱ ከግብር ቢሮ ያገኘውን የዓመት ገቢ በየሁለት ሳምንቱ እኩል አካፍሎ «ያልተገባ ድጎማ ወስዳችኋል» እያለ ለመቶ ሺህዎች የዕዳ ደብዳቤ ላከ። ጥቂት ወር ሠርቶ ሌላውን ጊዜ ሥራ ፈት የነበረ ሰው ዓመቱን ሙሉ እንደሠራ ተቆጠረ። እ.ኤ.አ. በ2020 መንግሥት 721 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንደሚመልስ አስታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ አጣሪ ኮሚሽን አሠራሩን ክፉኛ አወገዘ። የግብር መረጃው ትክክል ነበር፤ ሰዎቹ የተጎዱት ሰው ሳያጣራ ማሽኑ ስለፈረደባቸው ነው። ባለመሬቷን አሮጊት ያለ ጥያቄ ከመዝገብ የሚሰርዝ ሥርዓት ከዚህ አይለይም።

ተቀባዩ ሊያስር ሲሆን። ይህ ከሁሉም የከበደው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው የትጥቅ ግጭት ጤና ተቋማትና ባለሙያዎቻቸው በእሳት መካከል ሆነዋል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በሰኔ 2016 ባወጣው ሪፖርት የመንግሥት ኃይሎች ቁስለኛ አክማችኋል በሚል የጤና ባለሙያዎችን እንዳስፈራሩና እንዳሰሩ ዘግቧል። የትኛውም ታጣቂ ወገን ይሁን የሕክምና ካርድን የመያዣ ዝርዝር ሊያደርገው አይገባም። ምክንያቱ ለቁስለኛው ከመራራት ያለፈ ነው። ጤና ጣቢያው ለጠመንጃ ያዥ እንደሚናገር የታወቀ ቀን፣ ምጥ የያዛት ሴት ባሏ ተጠርጣሪ ስለሆነ ቤቷ ትቀራለች፤ የጥይት ፍንጣሪ ያገኘው ሕፃን በአባቱ ፍርሃት በቁስሉ ይሞታል።

ይህ በሰላማዊ አገርም ታይቷል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2017 የጤና አገልግሎቱ የታካሚዎችን አድራሻ ለአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለስደተኞች ቁጥጥር የሚያስተላልፍበት ስምምነት በሥራ ላይ ዋለ። ሐኪሞችና የምክር ቤት አባላት ሕመምተኞች ወደ ሐኪም መምጣት እየፈሩ ነው ብለው ጮኹ፤ በቀጣዩ ዓመት ስምምነቱ ተቋረጠ። ከጤና የሚመጣ መረጃ ለማሰር እንዲውል የሚፈቅድ ሰው ካለ ዳኛ ይሁን፤ እሱም ስለ አንድ የታወቀ ሰው፣ ስለ አንድ የታወቀ ወንጀል፣ በጽሑፍ። የሰው ሕይወት በሰዓታት ውስጥ ሊጠፋ በሚችልበት ድንገተኛ ሁኔታ የተቋሙ ኃላፊ በራሱ ፊርማ ሊወስን ይችላል፤ ወዲያው ግን ለፍርድ ቤቱ ያሳውቅ። «በአጠቃላይ ባለፈው ወር የታከሙ ወንዶች ዝርዝር» የሚባል ጥያቄ በየትኛውም መንገድ መልስ ሊያገኝ አይገባም።

ጥያቄ ይመለስ፣ መዝገብ አይሂድ

በዲጂታሉ ዘመን አንድ መልካም ዕድል አለ። የፋይዳ ሥርዓት ለጠያቂው ተቋም «ይህ ሰው እኔ ነኝ ያለው እርሱ ነው ወይ?» ለሚል ጥያቄ አዎ ወይም አይደለም ብሎ ሊመልስ ይችላል። ሌሎቹም መዝገቦች በዚሁ መንገድ ሊሠሩ ይችላሉ። የጤና መድን ክፍሉ «ይህ አባወራ ከዚህ በላይ ይዞታ አለው?» ብሎ ይጠይቅ፤ አዎ ወይም የለም ይባል። የማሳው ካርታ፣ የባለቤቱ ፎቶ፣ የወራሾቹ ስም አብሮ አይሄድም። በወረቀትም ቢሆን ይቻላል፤ አንድ መስመር ደብዳቤ ይበቃል።

ዕድሉ እንዳለ ሁሉ አደጋም አለ። ኬንያ የሁሉንም ዜጋ መረጃ በአንድ ቁጥር የሚያስተሳስር ሁዱማ ናምባ የተባለ መርሐ ግብር ስታስጀምር የመረጃ አያያዙ ጉዳት አስቀድሞ አልተገመገመም ብሎ ከፍተኛ ፍርድ ቤቷ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 የካርዱን ሥራ ሕገ ወጥ አለው። እኛም መዝገቦቹን ካስተሳሰርን በኋላ ስለ አጥሩ ከምናስብ አጥሩን አስቀድመን ብንሠራ ይሻላል።

ስለ ፈቃድም አንድ ነገር መባል አለበት። በብዙ ቅጾች ግርጌ «መረጃዬ ለሌሎች ተቋማት ቢሰጥ ፈቃደኛ ነኝ» የሚል መስመር ይጻፋል፤ ገበሬው አውራ ጣቱን ያትምበታል። ሰኔ ገብቶ፣ ዝናቡ ደርሶ፣ በቆሎ ሊዘራ ማዳበሪያ ለመውሰድ የተሰለፈ ሰው እንዲህ ያለ ቅጽ አይመልስም። ያልተነበበለትና እንቢ ቢል የሚያጣው ነገር ያለበት የጣት አሻራ ፈቃድ ተብሎ ሊቆጠር አይገባም። ከፈቃዱ ይልቅ ጥበቃው ይጠንክር።

ከሽንዲ ቢጀመር

የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። በየወረዳው መዝገብ ቤት ገቢና ወጪ ደብዳቤ የሚመዘገብበት ደብተር ዱሮም አለ። ከጎኑ አንድ የመረጃ መውጫ መዝገብ ይከፈት። ማን ጠየቀ? ስለ ማን? ምን ብሎ ጠየቀ? በየትኛው ሕግ? ማን ፈቀደ? ምን ተሰጠ? ስድስት ዓምድ ናቸው። በስልክና በቴሌግራም የሚጠየቅ ዝርዝር በዚህ መዝገብ ካልሰፈረ አይሰጥ። መረጃው የተሰጠበት ሰው መጥቶ ስለራሱ የተጻፈውን መስመር የማየት መብት ይኑረው፤ ማንበብ ካልቻለ ይነበብለት። መስጠትን እንቢ ያለ ሠራተኛ በዚህ ምክንያት እንዳይዛወርና እንዳይቀጣ በመመሪያ ይጠበቅ፤ ያለዚያ መመዘኛው ሁሉ አለቃው ስልክ እስኪያነሣ ድረስ ብቻ የሚቆይ ይሆናል።

ይህን የወንበርማ ወረዳ ምክር ቤት በራሱ ሊጀምረው፣ ፍኖተ ሰላም ያለው የዞኑ አስተዳደር ለቡሬና ለጃቢ ጠህናን ሊያዳርሰው፣ የክልሉ ምክር ቤትም በአዋጅ ሊያጸናው ይችላል። አዋጅ ቁጥር 1321ን የሚያስፈጽመው ባለሥልጣንም ሥራውን ከአዲስ አበባ ኩባንያዎች ይልቅ ከወረዳ ቢሮዎች ቢጀምር እመኛለሁ፤ ስለ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ብዙ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።

በ1960ም፣ በ1975ም፣ በ1989ም ውሳኔው ከላይ መጥቶ ዝርዝሩ ከታች ተጠየቀ። ዝርዝሩን የተጠየቀው ሰው የማን እጅ ላይ እንደሚወድቅ የሚጠይቅበት ቦታ አልነበረውም። ዛሬ መዝገቡ በአንድ ቁጥር ሊተሳሰር ተቃርቧል፤ ያንን ቦታ የምንሠራለትም ከመተሳሰሩ በፊት ነው። ማሳውን ያስለካ ገበሬ፣ ማኅደሯን ያስሞላች እናት፣ ስሙ በድሃ ዝርዝር የገባ ሽማግሌ እውነቱን የነገሩት አንድ ነገር ቃል ተገብቶላቸው ነው። ያን ቃል ወረዳው በጽሑፍ ያጽናው፤ የሚጥሰውም ማን እንደሆነ በስድስቱ ዓምድ ይታወቅ።